ስለ ጉባ ሰሊጥና ስለ ቅን ንግድ

ጉባ የሚለው ስም ቀድሞ በብዙ ቤት የማይታወቅ፥ በካርታ ላይም ፈልገው የሚያገኙት ጥቂቶች ብቻ የነበሩ ስም ነው። ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. ጀምሮ ግን፥ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በዚያ ስለ ተጣለ፥ ሕፃን እንኳ የሚጠራው ሆነ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. በተመረቀ ጊዜ ስሙ በውጭ አገር ጋዜጦች ሁሉ ወጣ። ስለ ግድቡ ብዙ ሰው ብዙ ጽፏልና እኛ ዛሬ ለዚህ ለቤተ ሰብ ገጽ የመረጥነው ከዚያው ከጉባ መሬት የሚበቅለውን፥ ቢዘግኑት በጣት መካከል እንደ አሸዋ የሚያመልጠውን ትንሽ ፍሬ፥ ማለት ሰሊጥን ነው። ሰሊጡ ከገበሬው እጅ ተነሥቶ ከቤታችን ምጣድ እስኪደርስ ድረስ በምን ዓይነት ዋጋ እንደሚገዛ፥ ገዢ የሆነውም ሰው በዚህ ነገር ምን ድርሻ እንዳለው ጥቂት ለመመርመር አሰብን።

ጉባ በመተከል፥ ከሱዳን ወሰን ዳር ያለ ሞቃት ቆላ ነው፤ የወረዳው ከተማ ማንኩሽ ትባላለች። የአገሩ ነባር ባለቤቶች ጉሙዞች ናቸው። ማሽላ ለምግባቸውና ለመጠጣቸው፥ ሰሊጥ ለገበያ ይዘራሉ፤ ማር ይቈርጣሉ፤ ከወንዝ ዳር ወርቅ ያጥባሉ። ሴቶቻቸው እንደ ደገኛ ሴት ሸክም በጀርባቸው አያዝሉም፤ ዘንግ በትከሻቸው ላይ አጋድመው፥ በሁለቱ ጫፍ ሸክሙን አመዛዝነው ይሄዳሉ። እኛም ይህን አካሄድ በመጀመሪያ ባየን ጊዜ፥ ከነጋዴው ሚዛን ይልቅ ይህኛው ያስተማምናል ብለን ከጓደኞቻችን ጋራ ቀልደን ነበር።

አገሩ ለንግድ እንግዳ አይደለም። ሼኽ ሐምዳን አቡ ሾክ ጉባን በሚገዙበት ዘመን ወርቅና የዝሆን ጥርስ በዚህ በር ወደ ሱዳን ይወጣ ነበር። ከሁሉ የከፋው ንግድ ግን የሰው ንግድ ነበረ፤ የጉሙዝ ልጆች ከየመንደራቸው እየተነጠቁ ወደ ሱዳንም ወደ ደጋውም ይሸጡ ነበር። የዚህ ገጽ ልማድ ደስ የሚያሰኘውን መጻፍ ቢሆንም ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባንም። በዚያ ሥራ ውስጥ ባሪያ ፈንጋዩ ብቻውን አልነበረም፤ ገዢ ባይኖር ሻጭ አይኖርምና፥ በየትልልቁ ቤት ማጀት የሚያገለግለውን ሰው ማን ከየት እንዳመጣው ያልጠየቀ ሁሉ በነገሩ ድርሻ ነበረው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ. ም. ነው። ይህን ማንሣታችን የዛሬውን የሰሊጥ ንግድ ከዚያ ጋራ ለማስተካከል አይደለም፤ «ዕቃው ከየት መጣ? ያቀረበውስ ሰው ምን አገኘ?» የሚለው ጥያቄ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ልማድ ብቻ አለመሆኑን፥ በእኛም አገር ቀድሞ ሊጠየቅ ይገባው የነበረ መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

አሁን ወደ ሰሊጡ እንመለስ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስናገለግል አንድ ጊዜ ከተዘዋዋሪ ችሎት ጋራ ወደዚያ ቆላ ወርደን ነበር። ከቀረቡትም ጉዳዮች አንዱ እንዲህ ነበረ። አንድ ነጋዴ አንድን በዕድሜ የገፋ የሰሊጥ ገበሬ ከሰሰ። ማስረጃው ግማሽ ገጽ የሞላ ወረቀት ነው፤ ገበሬው በነሐሴ ወር ሦስት ኩንታል ሰሊጥ መሸጡን፥ ዋጋውንም ተጠቃልሎ መቀበሉን፥ ሰሊጡን ግን በጥቅምት አጭዶ እንደሚያስረክብ ይናገራል። ከግርጌው የጣት አሻራ አለበት። ጥቅምት ሲደርስ የሰሊጥ ዋጋ ገበሬው በነሐሴ ከተቀበለው እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ሽማግሌውም አንድ ኩንታል ካስረከበ በኋላ ሁለቱን ይዞ ቀረ። ክሱ ስለ ሁለቱ ኩንታል ነው።

ዳኛው በአስተርጓሚ፥ «ውሉን ሲፈርሙ ያስገደደዎ ሰው ነበረን?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው የለም አለ። «እንግዲያስ ዋጋው ማነሱን እያወቁ ስለ ምን ተቀበሉ?» አሉት። አስተርጓሚው ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፥ «በዚያን ጊዜ ማሽላው አልቆ ነበር፤ ልጆቹ በልተውበታል ይላል» ብሎ መለሰ። ይህን ጊዜ ከኋላ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች ሚስቱ በጕሙዝኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ዳኛውም ምን እንዳለች ጠየቁ። «ማሽላውንም የገዛነው ከዚሁ ከከሳሹ ሱቅ ነው ትላለች» አለ አስተርጓሚው። ሴትዮዋ ባለጕዳይ ስላልነበረች ቃልዋ ከመዝገብ አልገባም፤ እኛ ግን ማታ ከራሳችን ደብተር ላይ ጻፍነው።

ስለ ሰሊጥ ለማያውቅ ሰው ነሐሴ ለምን እንዲህ ያለ ክፉ ወር እንደ ሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያ ቆላ ሰሊጥ ክረምቱ ከገባ በኋላ፥ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል። ማሽላው ደግሞ ዘግይቶ የሚደርስ እህል ነውና የዓምናው ጎተራ በነሐሴ ሲራቈት የዘንድሮው ገና እሸት እንኳ አልሆነም። ገበሬው በእርሻው ላይ ቆሞ የሚያየው ሀብት አለው፤ ነገር ግን አይበላም። በዚህ ላይ ሰሊጥ ታጋሽ አይደለም። ፍሬውን የያዘው ቅርፊት በደረሰ ጊዜ ከጫፉ ይከፈታል፤ ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ፍሬው በገዛ እጁ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሳይከፈት አጭዶ፥ በነዶ አስሮ፥ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ማድረቅ፥ ከዚያም በሸራ ላይ ዘቅዝቆ ማራገፍ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ሰሞን ስለሚወድቅ ለአጫጅ የሚከፈል ገንዘብ ይጠይቃል። እንግዲህ የሰሊጥ ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው በጥቅምት ነው፤ ገንዘብ የሚያስፈልገው ግን ከዚያ በፊት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ የሚገዛው ነጋዴ ነው። ገበሬዎች ይህን «በቁሙ መሸጥ» ይሉታል፤ ከወሰኑ ማዶ ሱዳኖች ደግሞ «ሸይል» የሚሉት ከጥንት የታወቀ ልማድ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንይ። ነጋዴው በነሐሴ መጀመሪያ መቶ ብር ሰጥቶ በጥቅምት እኩሌታ ሁለት መቶ ብር የሚያወጣ ሰሊጥ ይቀበላል። ጊዜው ሁለት ወር ተኩል ያህል ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፥ በቁጥር 2479፥ ተበዳሪና አበዳሪ በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ከልክሏል። በዚህ ልክ ቢታሰብ የመቶ ብር የሁለት ወር ተኩል ወለድ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ነጋዴው ያገኘው ግን መቶ ብር ነው። ታዲያ ሕጉ ለምን አልያዘውም? ቢባል፥ ወረቀቱ «ብድር» አይልምና ነው። «ሽያጭ» ይላል። ብድር የሚለው ቃል በሌለበት ወለድ የሚለውን ቃል ማን ያገኘዋል? የፍትሐ ነገሥት መምህሮቻችን አራጣን በጥብቅ ሲነቅፉልን ሰምተን አድገናል፤ አራጣ የሽያጭ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ግን ለመለየት ከንባብ በላይ የሆነ ዓይን ያስፈልጋል።

እርግጥ ነው፥ ያው ሕግ በቁጥር 1710 ሌላ መንገድ ከፍቷል። አንድ ውል ለአንደኛው ወገን እጅግ ስለ ጠቀመ ብቻ አይፈርስም፤ ነገር ግን የተጎዳው ሰው ፈቃዱን የሰጠው ሌላው ወገን በችግሩ ወይም በየዋህነቱ ወይም የንግድን ነገር ባለማወቁ ተጠቅሞበት እንደ ሆነ፥ ፍትሕም የሚያስገድድ ሲሆን፥ ዳኛ ሊያፈርሰው ይችላል። ይህን ቁጥር ጠቅሶ የሚከራከር ጠበቃ ወደ ማንኩሽ የሚወርደው ስንት ጊዜ ነው? የእኛም ሽማግሌ ጠበቃ አልነበረውም። በመጨረሻ ነገሩ በአገር ሽማግሌዎች ዕርቅ አለቀ፤ አንድ ኩንታል ጨምሮ እንዲያስረክብና አንዱን ለራሱ እንዲያስቀር ተስማሙ። ሁሉም ተመርቆ ተለያየ። እኛ ግን ዕርቁን በንጹሕ ወረቀት ስንገለብጥ ሒሳቡን እንደ ገና ብናሰላው፥ ነጋዴው የአንድ ኩንታል ተኩል ዋጋ ከፍሎ ሁለት ኩንታል መቀበሉን አየን፤ ይህም በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ከመቶ 33 ማትረፍ ነው።

ስለ ነጋዴው አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ግን ራሳችን ሚዛን እናጎድላለን። እርሱም ገንዘቡን ከከተማ ትልቅ ነጋዴ በብድር ያመጣው ነው። መንገዱ በክረምት ይቈረጣል። ከ2011 ዓ. ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በመተከል በደረሰው ሁከት ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል፥ ገበሬው እርሻውን ጥሎ በሄደበት ቦታ በቁሙ የተገዛ ሰሊጥ ምን ዋጋ አለው? ይህን ሁሉ ፍርሃት ነጋዴው በዋጋው ላይ ያስቀምጠዋል። ክፉ ሰው ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ሆኖም የነጋዴውንም የከተማውንም የመንገዱንም ሥጋት አጠራቅሞ በመጨረሻ የሚከፍለው ያ ጎተራው የተራቈተበት ሽማግሌ ነው።

ወደ ገዢው ደግሞ እንለፍ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1791 የእንግሊዝ ምክር ቤት የባሪያ ንግድን ለማስቀረት የቀረበለትን ሐሳብ በጣለ ጊዜ፥ ዊልያም ፎክስ የሚባል ሰው በባሪያ ጉልበት የተመረተ ስኳር እንዳይበላ የሚመክር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ይህም ምክር ወደ ሻይ ገበታ ገባ። ቶማስ ክላርክሰን እንደ ገመተው ሦስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ያንን ስኳር ተወ። ይልቁንም እመቤቶች፥ በዚያ ዘመን ድምፅ የመስጠት መብት ያልነበራቸው፥ በስኳር ማስቀመጫቸው ድምፃቸውን ሰጡ። የባሪያ ንግድ በሕግ የቀረው ከ16 ዓመት በኋላ በ1807 ነው፤ ስኳር የተዉት ቤቶች ብቻቸውን አስቀሩት አይባልም፤ ነገሩ ከምክር ቤት ወጥቶ የቤት ነገር መሆኑን ግን አሳዩ።

ዛሬ በእንግሊዝኛ «ፌር ትሬድ» የሚባለው፥ በእኛ ቋንቋ ፍትሐዊ ንግድ የሚሉት፥ እኛ ግን አጠር አድርገን ቅን ንግድ ማለትን የመረጥነው፥ የዚሁ አሳብ የልጅ ልጅ ነው። በ1988 በፈረንጅ በሆላንድ አገር ኒኮ ሮዘንና በሜክሲኮ ድኻ የቡና ገበሬዎች መካከል ይኖሩ የነበሩት ካህኑ ፍራንስ ፋን ደር ሆፍ አንድ ምልክት አወጡ፤ ስሙንም ማክስ ሐቨላር አሉት። ማክስ ሐቨላር በ1860 የታተመ የሆላንድ ልብ ወለድ ሰው ነው፤ በጃቫ ገበሬዎች ላይ ይደርስ የነበረውን የቡና ግፍ የገለጠ መጽሐፍ ነው። የምልክቱ ትርጕም እንዲህ ነው፤ ይህ ምልክት ያለበት ቡና ከገበሬዎች ማኅበር ከተወሰነ ዋጋ ባላነሰ ተገዝቷል፤ ከዋጋውም በላይ ማኅበሩ በራሱ ጉባኤ መክሮ ለትምህርት ቤት ወይም ለውሃ ወይም ለሌላ የጋራ ጕዳይ የሚያውለው ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሏል።

በአገራችን ይህ ነገር ከቡና ጀመረ። በ1991 ዓ. ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ34 ማኅበራት ተቋቋመ፤ ሥራ አስኪያጁም አቶ ታደሰ መስቀላ ነበሩ። የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ዩኒየኖች ተከተሉ። ጊዜው የጭንቅ ጊዜ ነበረ፤ በፈረንጅ በ1989 የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈርሶ ዋጋው ልጓም አጥቶ ነበርና በ2001 የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ያን ጊዜ የቅን ንግድ ትንሹ ዋጋ፥ ለታጠበ ቡና፥ 1 ዶላር ከ21 ሳንቲም ነበረ። ልዩነቱን አንባቢ ራሱ ይቁጠረው። ቡናቸውን በዚህ መንገድ መሸጥ የቻሉ ማኅበራት በዚያ ክፉ ዘመን እርሻቸውን ነቅለው ጫት ከመትከል ብዙዎች የዳኑት ስለዚህ ነው ይባላል፤ ይሁን እንጂ ከማኅበራቱም ምርት በምልክቱ የሚሸጠው ከፊሉ ብቻ ነበረ።

ትንሹ ዋጋ ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም። ከ2023 በፈረንጅ ጀምሮ ለታጠበ ዓረቢካ ቡና 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሆኗል፤ ነገር ግን በ2025 መጀመሪያ የኒው ዮርክ ገበያ ራሱ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ወለሉ ምንም ሥራ አልነበረውም። ሌላም ነቀፋ አለ፥ እርሱም የሚያሳፍር ነው። በለንደን የሶአስ ዩኒቨርስቲ መምህራን በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ለአራት ዓመት መርምረው በ2014 ባወጡት ጽሑፍ፥ ምልክቱ ባለበት አካባቢ ቡናና አበባ የሚለቅሙ የቀን ሠራተኞች ምልክቱ ከሌለበት አካባቢ ሠራተኞች ያነሰ ደመወዝ ማግኘታቸውን ገለጡ። የምልክቱ ባለቤቶች የማይመሳሰሉ እርሻዎች ተነጻጽረዋል ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ ለሊቃውንቱ ይቆይ፤ የሚያነሣው ጕዳይ ግን ለእኛ ግልጽ ነው። ምልክቱ የሚያየው የማኅበሩን አባል ነው። ለአባሉ የሚለቅመው፥ የሚያጭደው፥ መሬት የሌለው ሰው በመዝገብ የለም፤ ብዙ ጊዜም ሚስቱ የለችም፤ መዝገቡ የተጻፈው በባልዋ ስም ነውና። ያች በችሎት ፊት ትልቁን ነገር ተናግራ ቃልዋ ያልተጻፈላት ሴት እዚህ ላይ ትዝ አለችን።

እንግዲህ ለጉባ ሰሊጥ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው የትኛው ነው? እኛ ስናስበው፥ ከወለሉ ዋጋም ከተጨማሪውም ገንዘብ ይልቅ፥ በጥቅሉ ላይ የማይጻፍ አንድ ሕግ ነው። በቅን ንግድ ሥርዓት፥ ማኅበሩ በጠየቀ ጊዜ፥ ገዢው ከውሉ ዋጋ እስከ መቶ 60 ድረስ ምርቱ ሳይሰበሰብ አስቀድሞ እንዲከፍል የሚያዝዝ ደንብ አለ። ይህ ማለት ነሐሴን መግዛት ነው። ማኅበሩ በነሐሴ ለአባሎቹ ማሽላ መግዣ ካደለ፥ ሰሊጡ በቁሙ አይሸጥም፤ በቁሙ ያልተሸጠም ሰሊጥ በጥቅምት የጥቅምትን ዋጋ ያገኛል። ዋጋን በጥቅምት ሚዛን ላይ ማስተካከል ብቻውን ግን ዘግይቶ መድረስ ነው፤ ሰሊጡ የማን እንደ ሆነ ሁለት ወር አስቀድሞ ተቈርጧልና።

በዚህ ረገድ የመንግሥትም ሥራ መልካም ጅማሬ አለው። በ2000 ዓ. ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን በደረጃ መድቦ፥ ዋጋውን ለሁሉ ገልጦ፥ ሻጩ ገንዘቡን በማግሥቱ እንዲያገኝ አድርጓል፤ ቀድሞ ዋጋ በደላላ እጅጌ ውስጥ በጣት ጥቅሻ ይነገር እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ወደዚያ ገበያ አንድ ገበሬ ሁለትና ሦስት ኩንታል ይዞ ብቻውን አይገባም፤ በማኅበር ካልሆነ የሚገባው በነጋዴው ስም ነው። የመጋዘን ደረሰኝም ቢሆን ያጨደን ሰው ይረዳል እንጂ ገና ያላጨደውን አይረዳም። ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል በብድርና በኅብረት ሥራ ነገር ላይ የተሾሙ አሉ፤ ወደ ቆላው የሚላከው ብድር የትኛው ወር እንደሚደርስ ቢመረምሩልን ደስ ይለናል። በኅዳር የሚደርስ የእርሻ ብድር ለዘገባ እንጂ ለሰሊጥ አይሆንም።

ለቤት እመቤቶችስ? በከተማችን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሱቆች አሉ፤ የእሑድ ገበያም አለ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በቀጥታ ከገበሬ ዩኒየን ይገዛሉ። ከእነርሱ ሲገዙ «የማን ማኅበር ነው? ለገበሬው መቼ ከፈላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በመጀመሪያ ሻጩ ይስቃል። በሦስተኛው ቀን ግን አለቃውን ይጠይቃል። የቦታ ስም መጠየቅም ቀላል ነገር አይምሰለን፤ መንግሥታችን ይርጋ ጨፌ፥ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋራ ያደረገው ክርክር በ1999 ዓ. ም. በስምምነት ያለቀው፥ ስሙ ራሱ ገንዘብ ስለ ሆነ ነው። ስም የሌለው ዕቃ ከሌላው ጋራ ተቀላቅሎ በሌላው ስም ይሸጣል።

ይህንንም በቅርቡ በዓይናችን አየን። የጾም ሰሞን ነበርና ባለቤታችን ለፍትፍት የሚሆን ሰሊጥ ልትገዛ ወደ መርካቶ፥ ወደ እህል በረንዳ ስትሄድ ተከትለናት ሄድን። ሻጩ ጐልማሳ ልጅ ነው። «ልጄ፥ ይህ የየት ሰሊጥ ነው?» አለችው።

«የሁመራ ነው፥ እትዬ።»

«ያኛውስ? ቀላ ያለው?»

«እሱም የሁመራ ነው።»

እኛ ጣልቃ ገብተን፥ «የመተከል አይደለምን?» አልነው። ልጁ ወደ ጆንያው ዞር ብሎ አየና፥ «ጋሼ፥ የመተከልም ይኖርበታል፤ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነው» አለ። ባለቤታችን ቀላ ካለው ሁለት ኪሎ አስመዘነች። ከዚያም ገንዘቡን ከመስጠትዋ በፊት፥ ጆንያው ከማን እንደ ተገዛ የተጻፈበት ደረሰኝ እንዳለው ጠየቀችው፤ ልጁም ደረሰኙን ሊፈልግ ወደ ውስጥ ገባ።